ቀይ ቀለም፣ አሮጌ ፍሬን

የአባዬን ዲኤክስ ልንሸጥ ነበር። ወሬውን ከዚህ ብጀምረው ይሻላል፤ ምክንያቱም «የመኪናውን ፍሬን ቀይ ቀለም ቀባሁት» ስል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ለምን?» ብሎ ነው። መልሱ አጭር ነው፦ ለገዢ ዓይን።

አባዬ መንዳት የተወው በራሱ ፈቃድ ነው። ከመሸ በኋላ ከፊት የሚመጣው መብራት ሁሉ አንድ ላይ እየተጨፈለቀ ያስቸግረው ጀመር። አንድ ማታ ከሻሸመኔ ተመልሶ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ከዛሬ በኋላ አልነዳም» አለ። ዕድሜውን ሙሉ መሪ ይዞ የኖረ ሰው እንዲህ ሲል ምን ይመለስለታል? እማዬ እራት አቀረበች። በቃ።

ኮሮላው ግቢያችን ውስጥ፣ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር፣ ሁለት ወር ቆመ። ቅጠል ለበሰ፤ ወፍ አራበት። ከዚያ እኔና ታናሽ ወንድሜ ተማከርን። ዘመኑ ለሻጭ ጥሩ ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው፤ በጥር 2016 ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ከነጭራሹ እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። እዚህ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና ሁሉ በአንድ ጊዜ ዋጋው ሰማይ ነካ። ከኔ በዕድሜ የሚበልጥ መኪና በየዓመቱ ይወደዳል እንጂ አይረክስም።

«ቸርኬ እናስገባለት» አለ ወንድሜ፣ ስልኩን እያሳየኝ። «ፍሬኑን ደግሞ ቀይ እንቀባው። ፎቶ ላይ እንዴት እንደሚያምር አየህ?»

አየሁ። በቸርኬው ክፍተት ውስጥ ቀይ ነገር ብልጭ ይላል። መኪናው ቆሞ እንኳ የሚሮጥ ይመስላል። ፒያሳ ወርጄ ሙቀት የሚችል ቀይ ቀለም ገዛሁ፤ ለአራት ጎማ የሚበቃ። ቅዳሜ ጠዋት ታኮ አስገብቼ፣ በክሪክ አንስቼ፣ የፊቱን ጎማ ፈታሁ። ካሊፐሩ ዝጎ፣ ጭቃና ጥላሸት ለብሶ ተቀምጧል። ከዚያ ወደ ኋላ ሄጄ የኋላውን ጎማ ፈታሁ። እዚያ ካሊፐር የሚባል ነገር የለም። ክብ የብረት ድስት ብቻ፤ ታምቡር። አባዬ ከበረንዳው ላይ ሆኖ ያየኛል።

«ግማሹን ቀለም መልስ» አለኝ።

ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያ ግማሽ ጣሳ ቀለም ነው። አንድ መኪና ከፊት አንድ ዓይነት፣ ከኋላ ሌላ ዓይነት ፍሬን ለምን ኖረው ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። ጥያቄው እየጎተተ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ድረስ አደረሰኝ።

*

መጀመሪያ ግን እጄ ላይ ስላሉት ቃላት ላውራ። ያን ቀን ጠዋት የነካሁትን ዕቃ ሁሉ በስሙ ቁጠሩት፦ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ክሪክ፣ ታኮ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ላሜራ። አንዱም ከግዕዝ አልመጣም። ጎማ ጣሊያኖቹ «ጎማ» የሚሉት ነው። ቸርኬ «ቼርኪ» ነው፣ ክቦች ማለት። ካቻቢቴ «ካቻቪቴ»፣ ላሜራ «ላሚዬራ»። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ያለው ፖርቶመጋላ እንኳ «ፖርታባጋሊ»፣ ማለትም ጓዝ ተሸካሚ ነው። በየዓመቱ መኪናው ተመርምሮ መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ቦሎም ከዚያው ሰፈር የመጣ ነው፤ ጣሊያኖች ለማኅተም «ቦሎ» ይላሉ።

ከዚያ በፊት ደግሞ ፈረንሳይኛው አለ። ሹፌርና ጋራዥ ፈረንሳይኛ ናቸው። ይህ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው፤ ዘመናዊው ዕቃ መጀመሪያ የሚገባው በጅቡቲ በር ነበርና።

የመጀመሪያዋ መኪናም የመጣችው በዚያው በር ነው። በ1900 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ 1907 ማብቂያ ላይ፣ ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለች መኪና ከጅቡቲ ተነስቶ በበረሃና በገደል እያንፏቀቀ አዲስ አበባ አደረሳት፤ ለዳግማዊ ምኒልክ። ባቡሩ ያኔ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። ለመኪና የተሠራ መንገድ የለም። መንገድ ማለት በቅሎ የረገጠችው ነበር። ስለዚያ ጉዞ ሲወራ ሁሉም ሰው መኪናዋ እንዴት እንደወጣች ይገረማል። አባዬን ያህል የነዳ ሰው ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ «እሺ ወጣች፤ ቁልቁለቱን ምን ይዟት ወረደች?»

ትልቁ የቃላት ጎርፍ የመጣው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በነበረው ወረራ ነው። ጣሊያኖቹ አገሩን በጭነት መኪና ሊይዙት ፈለጉ። ሊማሊሞን በእባብ ጥምዝምዝ ቆርጠው አወረዱት፤ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ተራራ በስተው ዋሻ አወጡ። በመንገዶቹ ላይ ስንት ሰው ረገፈ የሚለው ራሱን የቻለ ጽሑፍ ነው። ጋራዡ ውስጥ ግን ለነጩ መካኒክ ብሎን የሚያቀብለው የአገሬው ልጅ ቃላቱን በጆሮው ለቀመ። ጣሊያኖቹ ተሸንፈው ወጡ፤ ቃላቱ ከነ ካቻቢቴያቸው እዚሁ ቀሩ።

አሁን ወደ ካሊፐሩ እንመለስ። ጣሊያኖች ካሊፐርን ምን እንደሚሉት ታውቃላችሁ? «ፒንሳ»። ግራና ቀኝ ይዞ የሚጨብጥ ነገር ስለሆነ ልክ እንደ እጅ መሣሪያው ፒንሳ ይሉታል። እኛ ጋ ግን ፒንሳ የእጅ መሣሪያ ስም ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ፍሬኑ ላይ ያለውን የምንጠራው በእንግሊዝኛ «ካሊፐር» ብለን ነው። ለምን? ጣሊያኖቹ በ1933 ሲወጡ በመንገዱ ላይ በሚርመሰመሱት የጭነት መኪኖች ላይ ካሊፐር ስላልነበረ ነው። የሌለ ነገር ስም አይተውም። ዕቃው ቆይቶ ከጃፓን መኪና ጋር፣ ከእንግሊዝኛ መጽሐፉ ጋር መጣ።

ያኔ ነው የአባዬን መኪና በሌላ ዓይን ያየሁት። የኋላው ታምቡር ከጣሊያን ዘመን የዞረ ቴክኖሎጂ ነው። የፊቱ ዲስክ ከዚያ በኋላ የመጣ። አንድ አሮጌ ኮሮላ ሁለት ዘመን በአንድ ፔዳል ያቆማል።

*

አባዬ ሥራ የጀመረው በሹፌርነት አይደለም፤ በረዳትነት ነው። ኤንትሬ ላይ። ፊያት 682 ኤን 3ን አሮጌ ሹፌሮች እንዲህ ነው የሚሏት፤ «ትሬ» በጣሊያንኛ ሦስት ነው። የረዳት ዋና መሣሪያ ደግሞ ታኮ ነበር። መኪናው ዳገት ላይ ሲንተፋተፍ ረዳቱ ዘሎ ይወርዳል፤ ጎማው ወደ ኋላ ከመንሸራተቱ በፊት እንጨቱን ወይ ድንጋዩን ከሥሩ ይከትታል። ታኮ የሚለው ቃል ራሱ ጣሊያንኛ ነው፤ የጫማ ተረከዝ። ነገሩ ሲታሰብ ረዳቱ የመኪናው አምስተኛ ፍሬን ነበር። ልዩነቱ ይህኛው ፍሬን ጣት አለው። አባዬ የግራ እጁ ሌባ ጣት ጥፍር የለውም፤ ልጅ ሆነን ስንጠይቀው «ታኮ በላው» ይለን ነበር።

የፍሬን ታሪክ በዓለም ላይም ከጫማ ብዙ አይርቅም። በእንግሊዝ አገር ደርቢሸር ውስጥ፣ ኸርበርት ፍሩድ የተባለ ሰው የአገሩ ገበሬዎች የጋሪያቸውን ጎማ ለመያዝ አሮጌ ጫማ እንደ ፍሬን ሲጠቀሙ አየ ይባላል። በ1897 (እ.ኤ.አ.) ይህን መነሻ አድርጎ የተሻለ የፍሬን ልባስ ለመሥራት ድርጅት አቋቋመ። ስሙን ፌሮዶ አለው፤ የራሱ ስም ፊደላት ተገለባብጠው፣ የሚስቱ የኤልሳቤጥ የመጀመሪያ ፊደል ተጨምሮበት። መጀመሪያ የሠራው በሙጫ የተነከረ ጥጥ ነክ ጨርቅ ነበር፤ ቆይቶ አስቤስቶስ ገባበት።

እዚህ ላይ አማርኛችን የደበቀውን አንድ ነገር ላሳያችሁ። የፍሬን ልባስን እኛ ምን እንላለን? «የፍሬን ሸራ»። ዛሬ የሚሸጠው ሸራ ድንጋይ የመሰለ ጥቁር ነገር ነው፤ ድንኳን ከሚሠራበት ሸራ ጋር ምንም አይገናኝም። የኔ ግምት ይህ ነው፦ ስሙን ያወጣው ሰው ያየው እውነተኛ የተሸመነ ጨርቅ ነበር። ልባሱ ተለወጠ፣ ቃሉ ግን ጨርቅ እንደያዘ ቀረ።

አስቤስቶሱ ግን ቀልድ አይደለም። ሙቀት ስለሚችል ለፍሬን የተፈጠረ እስኪመስል ተወደደ። የሸራው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ግን ካንሰርና የሳንባ ጠባሳ ያመጣል፤ ያውም ከዓሠርት ዓመታት በኋላ። እንግሊዝ ራሷ አስቤስቶስን ሙሉ በሙሉ የከለከለችው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ስለዚህ እናንተም እንደኔ ቤታችሁ ጎማ ፈትታችሁ ፍሬን ማጽዳት ካሰባችሁ ያንን ጥቁር ብናኝ በአፋችሁ እፍ አትበሉት፤ በኮምፕሬሰርም አትንፉት። አሮጌ መኪና ላይ ምን ዓይነት ሸራ እንደተገጠመ አታውቁም። ውሃ አርከፍክፋችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ ጨርቁን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ጣሉት። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ እፍ ሲል ነው የኖረው። የሚያስለው በሲጋራ ነው እንላለን። ማን ያውቃል።

*

ፍሬን የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት ይለውጣል። የሀዋሳ ልጅ ይህ አይገባውም፤ ከተማችን መዳፍ ናት። ባጃጁም ብስክሌቱም እንደፈለገው ይፈሳል። ታቦር ተራራ ላይ ካልወጣህ በቀር ቁልቁለት የሚባል ነገር አታይም። ወደ ሌላው አገር ስትወጣ ግን ሒሳቡ ይመጣል።

አሥር ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና አስቡ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ይወርዳል እንበል፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። 1,000 ሜትሩን ብቻ እንውሰድ። ያንን ሁሉ ክብደት ፍሬን ብቻ ይዞት ቢወርድ፣ የሚወጣው ሙቀት 290 ሊትር ያህል ውሃን ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ያደርሳል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከአሥራ አራት በላይ ማለት ነው፤ ያ ሁሉ ውሃ ጎማው ሥር ተጥዶ ይፈላል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ሹፌር ቁልቁለት ላይ በከባድ ማርሽ ሞተሩን እያስጮኸ የሚወርደው። ጩኸቱ ፍሬኑን ያሳርፈዋል።

ታምቡር ደግሞ ሙቀትን አይወድም። ሸራው ድስት ውስጥ እንደተከደነ ወጥ ነው፤ ሙቀቱ መውጫ የለውም። ድስቱ ሲግል ይሰፋል፣ ሸራው ይሸሸዋል፣ ፔዳሉ ይወርዳል። መፍትሔው ክዳኑን ማንሳት ነበር፦ ዲስክ ሜዳ ላይ፣ ነፋስ እየመታው፣ ግራና ቀኝ እየተጨበጠ።

ሐሳቡ አሮጌ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር በ1902 (እ.ኤ.አ.) ፓተንት አወጣበት። ግን የጊዜው ዕቃ አልተባበረውም፤ በመዳብ የተሠራው መያዣ ይጮኻል፣ በመንገዱ አቧራም ቶሎ ያልቃል። ሐሳቡ ግማሽ ምዕተ ዓመት ተኛ። በ1953 ጃጓር ደንሎፕ በሠራለት ዲስክ ፍሬን የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ። ሌሎቹ መታጠፊያው ሲመጣ ከሩቅ ፍሬን ይይዛሉ፤ ጃጓሩ ግን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ይሄዳል። ውድድሩን ያሸነፈው መሮጥ ስለቻለ ብቻ አልነበረም፤ መቆም ስለቻለ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲትሮኤን ዲኤስ የተባለችውን መኪና የፊት ዲስክ ፍሬን ገጥሞ በገፍ ማምረት ጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደስተኝ አጋጣሚ አለ። ሀዋሳ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም ገደማ ነው። ማለትም ከተማዬና ዲስክ ፍሬን እኩዮች ናቸው። ያኔ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ይርጋለም ነበረች። አዲስ አበባ በ1879 ስትቆረቆር መንገዷን ያወጣችው በቅሎ ናት፤ ስለዚህ ይጠመዘዛል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሀዋሳ ግን መኪና አገሩን ካወቀ በኋላ፣ ሐይቁ ዳር ያለ ሜዳ ላይ ተመትራ ወጣች። ቀጥ ያለና ሰፊ ጎዳና ያላት ለዚህ ነው። እኛ የጎማ ልጆች ነን።

*

ታዲያ ቀዩ ቀለም ከየት መጣ?

ካሊፐር ሲሠራ የብረት ቀለም ነው ያለው። ብዙዎቹ ቀልጦ የተፈሰሰ ብረት ናቸው፤ ይዝጋሉ። ቀለም መጀመሪያ የገባው ዝገት እንዳይበላቸው ነው። ቤርጋሞ አጠገብ በ1961 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የጣሊያኑ ብሬምቦ ከ1975 ጀምሮ ለፌራሪ የፎርሙላ ዋን መኪኖች ፍሬን ማቅረብ ጀመረ። በ1990ዎቹ ደግሞ የፖርሼ 911 ቱርቦ በቀይ ካሊፐር መንገድ ላይ ወጣ። በቸርኬው ክፍተት የሚታየው ቀይ ነገር ያኔ ትርጉም አገኘ፦ «ይህ መኪና ለመሮጥ የተሠራ ነው፤ ለመቆምም።» ቆይቶ ፖርሼ ለሴራሚክ ፍሬኑ ቢጫ፣ ለሃይብሪዱ ደግሞ ደማቅ አረንጓዴ ሰጠ። ቀለም ማዕረግ ሆነ።

እኛስ ብንሆን? የኢትዮጵያ መንገድ በቀለም የሚነበብ ነው። የአዲስ አበባ ታክሲ ሰማያዊና ነጭ ነው። በለመድነው ሰሌዳ ላይ ቁጥሩ በሰማያዊ ከተጻፈ የግል፣ በቀይ ከሆነ ታክሲ፣ በአረንጓዴ ከሆነ ንግድ፣ በጥቁር ከሆነ የመንግሥት ነው። ሕዝቡ ደግሞ ቀለም ባይጨምርበትም ስም ይቀባል። ሰው የፈጀውን አይሱዙ «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራኩን «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው ሕዝብ መኪና የሚፈራውን በስሙ ነግሮናል። የሁለቱም ስም ለኔ የሚያስታውሰኝ ፍጥነታቸውን ነው፤ ወይም በትክክል ለመናገር፣ አለመቆማቸውን። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በመንገድ የሚሞትበት አገር ውስጥ ነን። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ፍሬን የማሳምረው ለፎቶ ነበር።

*

የቀኙን ካሊፐር በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግኩት፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፤ በቲነር አጠብኩት። ዲስኩን፣ ሸራውን፣ ጎማ ነክ የሆነውን ሁሉ በጋዜጣና በወረቀት ፕላስተር ሸፈንኩ። ቀለም ሸራ ላይ ወይም ዲስክ ላይ ካረፈ ፍሬን ይንሸራተታል፤ ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ፒን ላይ ከደረቀ ደግሞ ፍሬን ይዞ አይለቅም። ስስ ስስ አድርጌ ሦስት ጊዜ ቀባሁት፤ በየመሐሉ እየደረቀ። አማረ። እውነቴን ነው፣ በጣም አማረ።

በግራው በኩል ግን ብሩሹ እርጥብ ነገር አገኘ። ከፒስተኑ ዙሪያ ካለው የአቧራ መከላከያ ጎማ ሥር፣ ጭቃው ጠቁሮ ወዝቷል። ጠረግሁት። ለአሥር ደቂቃ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ እንደገና ወዝቷል። የፍሬን ዘይት ነው። ጣቴ ላይ አሸሁት፤ ይንሸራተታል።

ወንድሜ አጎንብሶ አየና «ትንሽ ናት» አለ። ትንሽ ነበረች። መኪናው ግቢ ውስጥ ሲዞር ፍሬኑ ይይዛል። ቀለም ቢቀባበት ማንም አያይም። ገዢው ሰኞ ይመጣል፤ ከሀገረ ሰላም የመጣ ልጅ ነው፣ መኪናውን እዚህና እዚያ እያመላለሰ ሊሠራበት የሚፈልግ። ሀገረ ሰላም ደጋ ነው። ከዚያ ሲወረድ ፍሬን ይሠራል።

ዝም አልን። ሁለታችንም ምን እያሰብን እንደነበር ለመጻፍ አፍራለሁ፤ ግን ካልጻፍኩት ይህ ሁሉ ታሪክ ምን ይረባል? የጥገናው ወጪ፣ የሚዘገየው ሽያጭ፣ የሚቀንሰው ዋጋ ነበር በልባችን ያለው። ጣሳው እጄ ላይ ነው። አንዴ ጫን ማድረግ ብቻ።

አባዬ ከበረንዳው ወርዶ መጣ። ዓይኑ ደክሟል ብያችኋለሁ፤ ስለዚህ አላየም። ጣቱን ላከ፣ ያችን ጥፍር የሌላትን። ዳሰሰ፤ አሸተተ።

«ጎሚኒው ሄዷል» አለ። ከዚያ እኔን ሳይሆን ጣሳውን እያየ፣ «ቀለም ምን እንደሚሠራ ታውቃለህ?»

«ምን ይሠራል?»

«ከጥገና በፊት ከቀባኸው ይደብቃል። ከጥገና በኋላ ከቀባኸው ይናገራል።»

ትርጉሙን ያስረዱኝ የሰፈራችን መካኒክ ናቸው። ተራው የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፤ የነካውን ቀለም ያሳብጠዋል፣ ይልጠዋል። ጭቃና ዝገት ላይ የወዛ ዘይት አይታይም። ንጹሕና የተቀባ ካሊፐር ላይ ግን ትንሿም ጠብታ ምልክት ትተዋለች። ዘይቱ ደግሞ ሌላ ዓመል አለው፦ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ 205 ዲግሪ ላይ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ከፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ይነካል። «ፍሬን በጠሰ» የምንለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይበጠስ ይሆናል።

«የአባትህ ዘይት መቼ ተቀየረ?» አሉኝ። አላወቅኩም። አባዬም አላስታወሰም።

ጎሚኒው ተቀየረ፤ ለሁለቱም። ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ አዲስ ገባ፤ አየሩ ተለቀቀ፤ ፔዳሉን የረገጠው አባዬ ነው። «ርገጥ» ሲባል ይረግጣል፣ «ልቀቅ» ሲባል ይለቃል። ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ ፊት ለፊት ሲቀመጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። የግራውን ካሊፐር የቀባሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

*

ገዢው ዘግይቶ፣ ሐሙስ መጣ። ዞሮ አየ። በቸርኬው ክፍተት ቀዩን ሲያይ ግን እንደጠበቅነው ፊቱ አልበራም፤ ተጠራጠረ። ብልህ ልጅ ነው።

«ምን ልትደብቁ ነው የቀባችሁት?» አለ እየሳቀ፣ ግን የእውነቱን ነው።

ሁሉንም ነገርነው። የወዛው የትኛው እንደነበር፣ ምን እንደተቀየረ፣ የተጣለውን አሮጌ ጎሚኒ ጭምር በላስቲክ አሳየነው። አባዬ አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፦ «በየሳምንቱ አጎንብሰህ ቀዩን እየው። ከተላጠ ቁም።»

ዋጋው ላይ ትንሽ ቀነስን። ወንድሜ ለሦስት ቀን አኮረፈኝ።

አሁን ስለ መጪው ሳስብ ይገርመኛል። በከተማችን የሚታዩት አዳዲስ ኤሌክትሪክ መኪኖች ፍጥነታቸውን ሲቀንሱ ሞተራቸው ራሱ ወደ ኋላ ሠርቶ ባትሪያቸውን ይሞላል። ቁልቁለቱ ለነሱ ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ነዳጅም ነው። ካሊፐራቸው ሥራ ስለሚፈታ እንዲያውም በዝገት ነው የሚቸገረው። የጎማው ሥር ሸራ፣ ጎሚኒ፣ ታኮ የሚሉት ቃላት አንድ ቀን የሚያውቃቸው ያጣሉ ይሆናል፤ የጋሪው ዕቃ ስሞች እንደጠፉብን። እስከዚያ ግን አሮጌዎቹ መኪኖቻችን አሉ፤ አርጅተዋል፣ ተወደዋል፣ ቁልቁለትም ይወርዳሉ።

ልጁ ቁልፉን ተቀብሎ ወጣ። እኔና አባዬ በር ላይ ቆምን። መንገዳችን ቀጥ ያለ ስለሆነ መኪናው ሩቅ ድረስ ይታያል። አስፋልቱ ጋ ሲደርስ የኋላ መብራቱ በራ።

«ያዘለት?» አለ አባዬ። ከዚያ ርቀት ማየት አይችልም።

«ያዘለት» አልኩት።

እስኪታጠፍ ጠበቅን፤ ከዚያ በሩን ዘጋን። ግማሹ ጣሳ ቀለም እስካሁን መደርደሪያው ላይ አለ።